ዝም ያለችውን ቫልቭ ፍራ

ባለፈው ዓመት የመስቀል ሰሞን ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ እየወረድን ነበር። መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ አባቴ ከጎኔ፣ ሁለቱ ልጆቼ ከኋላ። ለበዓሉ የሸመትነው ዕቃ ደግሞ ከፊት ኮፈን ሥር ታጭቋል። ዕቃ ከፊት፣ ሞተር ከኋላ ስላችሁ መኪናዋ ምን እንደሆነች ገብቷችኋል። አዎን፣ ቮልስ ናት። በዕድሜ እኔን ትበልጠኛለች።

ጢያን አልፈን ወደ ቡኢ ስንቃረብ ከፍጥነት መለኪያው ውስጥ ትንሽዬ ቀይ መብራት በራች። መኪናዋ ግን መሄዷን አላቆመችም፤ ድምፅዋም ያው ነው። እኔም «ቻርጅ ማድረግ አቁማ ይሆናል፣ ቡኢ ደርሰን እናያታለን» ብዬ ነዳጅ ልጨምር ስል አባቴ እጄን ያዘኝ።

«አቁም! አሁኑኑ አጥፋት!»

አባቴ ሲቆጣ ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ሰው አይደለም። ያን ቀን ግን ጮኸ። ዳር ይዤ አጠፋኋት። ወርደን የኋላ ክዳኗን ስንከፍት ቺንጋዋ ተበጥሳ ሞተሩ ሥር እንደ ሞተ እባብ ተጋድማለች።

ሌላ መኪና ላይ ያቺ ቀይ መብራት «ባትሪህ አይሞላም» ማለት ናት። እያዘገሙ መሄድ ይቻላል። ቮልስ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው። አየሩን የሚገፋው ቬንትሌተር የተገጠመው ዲናሞው ጫፍ ላይ ሲሆን ሁለቱንም የምታዞራቸው አንዲት ቺንጋ ናት። እናም ቀይዋ መብራት ስትበራ መኪናዋ የምትናገረው ስለ ባትሪ ብቻ አይደለም። «ልቃጠል ነው፤ አቁመኝ» እያለች ነው። ይህን አባቴ ያውቃል። እኔ፣ ዲግሪ ያለኝ ልጁ፣ አላውቅም ነበር።

ከመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ አሮጌ ትርፍ ቺንጋ ተገኘች። አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እያዘዘኝ በካቻቢቴና በአንድ ቁልፍ ብቻ ቀየርኳት። ቺንጋዋ ያረጀች ስለነበረች በደንብ አልጠበቀችልኝም። እንደምንም እያዘገምን ቡታጅራ ገባን።

ከመንገድ ዳር ያለች አንዲት ጋራዥ በር ላይ ስንደርስ ግራጫ ቱታ የለበሱ አዛውንት ገና ሳንቆም «ቺንጋዋ ላልታለች!» አሉን። ክዳኑን አልከፈቱም። ሰሟት እንጂ አላዩዋትም። ከዚያ ጠጋ ብለው አንድ እጃቸውን ክዳኗ ላይ አድርገው ለአፍታ አዳመጡና ፊታቸው ተቀየረ።

«ቺንጋው ቀላል ነው ልጄ። እኔን ያሳሰበኝ ዝምታዋ ነው። አንዷ ቫልቭ አትንኳኳም።»

«አለመንኳኳቷ ጥሩ አይደል ጋሼ?»

ሳቁብኝ። «የምትንኳኳ ቫልቭ ጤነኛ ናት። ዝም ያለችውን ፍራ!»

ነገሩ ሲገባኝ እንዲህ ነው። ቫልቭ እንደ በር ነው፤ ሲዘጋ ግጥም ብሎ መዘጋት አለበት። በቫልቩና በሚገፋው ብረት መካከል ትንሽ ክፍተት ይተዋል፤ እንደ ሞተሩ ዓይነትና ዘመን 0.10 ወይም 0.15 ሚሊ ሜትር። ቲክ ቲክ የሚለው ድምፅ ከዚያች ክፍተት የሚመጣ ነው። ክፍተቷ ስትጠፋ ድምፁም ይጠፋል፤ ቫልቩ ግን ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ትኩስ ጋዝ እየሾለከበት ቀስ እያለ ይነዳል። ባለመኪናው «ሞተሬ እንዴት ጸጥ አለልኝ!» እያለ ሲደሰት አንድ ቀን መንገድ ላይ ይቀራል።

«ይቺ መቼም ሦስተኛዋ ናት» አሉ አዛውንቱ። አሁንም አልከፈቱም። የቀድሞዎቹ ቮልሶች አመል ነው፤ የዘይት ማቀዝቀዣዋ ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚሄደው አየር መንገድ ላይ ስለቆመች እሱ ከሌሎቹ ይልቅ ይሞቃል። ፋብሪካው ራሱ ይህን አምኖ በ1971 (እ.ኤ.አ.) ሞዴሎች ላይ ማቀዝቀዣዋን ከቦታዋ አንስቷታል። የኛዋ ከዚያ በፊት የተሠራች ናት። «ሞተሯ ሳይቀዘቅዝ ቫልቭ አይለካም፤ ነገ ጧት ኑ» ብለው ሸኙን። በማግስቱ ጧት ቀጭኗን የብረት መለኪያ በሦስተኛው ሲሊንደር ቫልቭ ሊያስገቡ ሞከሩ። አልገባችም። እውነታቸውን ነበር።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የምተርክላችሁ ስለ ቮልስ ፍቅሬ ልነግራችሁ ብቻ አይደለም። እርግጥ ፍቅሩ አለ። በዚህች አገር የአሮጌ አውሮፓ መኪና ፍቅር የያዘው ሰው ብዙ ነው፤ ወልቂጤና ቡታጅራ ደግሞ በመስቀልና በአረፋ ሰሞን ብቅ ብላችሁ ብታዩ ይገባችኋል። ከአዲስ አበባ ቤተሰቡን ጭኖ ከሚመጣው መኪና መካከል ታጥባ፣ ተወልውላ፣ ፖርቶመጋላዋ ላይ ዕቃ ተቆልሎባት የምትመጣ አንዲት ቮልስ ወይም ፔጆ አትጠፋም። ሰዉም ከአዲሷ መኪና ይልቅ እሷን ከቦ ነው የሚያወራው። «ሞተሯ የራሷ ነው?» «ካርቡሬተሯ ተቀይሯል?» ወሬው አያልቅም።

ጎረምሶቹ ይገረማሉ። «ምኗ ነው እንዲህ የሚያስወራው?» ይላሉ። እኔም ለብዙ ዓመታት ትዝታ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ሌላ ነገር እንዳለበት ገብቶኛል። እነዚህ ሞተሮች አመል አላቸው። አመላቸውን ደግሞ አይደብቁም። ሰው የሚወዳቸው ስለማይበላሹ አይደለም፤ ሲበላሹ ስለሚናገሩና ሲናገሩም ተራው ሰው ሊሰማቸው ስለሚችል ነው።

እስቲ አመላቸውን ላውጋችሁ። ከቀደሙት ቮልሶች ብዙዎቹ የነዳጅ መለኪያ አልነበራቸውም። ሞተሯ መንተባተብ ስትጀምር ሾፌሩ በእግሩ አንዲት ትንሽ ማዞሪያ ይነካል፤ 5 ሊትር ያህል መጠባበቂያ ይለቀቅለታል። ከዚያ ማደያ መፈለግ የራሱ ፋንታ ነው። በኋላ በመጡት ላይ ደግሞ የፊት መስታወቱን ማጠቢያ ውኃ የሚገፋው ከትርፍ ጎማዋ የሚመጣ አየር ነው። መስታወትህን ስታጥብ ትርፍ ጎማህን እያስተነፈስክ ነው ማለት ነው! ዘይቷ 2.5 ሊትር ብቻ፤ እንደ ዛሬዎቹ የሚቀየር የዘይት ፊልትሮ የላትም፤ ያላት ታጥባ የምትመለስ ወንፊት ናት።

ፔጆ 404ን ደግሞ ውሰዱ። ኮፈኗን ስትከፍቱ ሞተሩ እንደ ደከመው ሰው 45 ዲግሪ ወደ ጎን ተጋድሞ ታገኙታላችሁ። ማርሿ መሪው ሥር ነው። ባትሪ ሲደክም በማኖቬላ ትነሳለች። ሲሊንደሯ ከብሎኩ የሚነቀል ስለሆነ ሲበላ አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን ከነፒስተኑ መክተት ይቻላል፤ ብሎኩን ተሸክሞ ቶርኖ ቤት መሄድ የለም። የገጠር ከተማ መካኒክ ለምን እንደወደዳት ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ለነገሩ ጉልበቷን ጎረቤታችን ኬንያም መስክራለች። እ.ኤ.አ. በ1963 በተካሄደው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ 84 መኪኖች ተነስተው እስከ መጨረሻው የደረሱት 7 ብቻ ነበሩ፤ ያሸነፈችው ፔጆ 404 ናት። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ያሸነፈችው ደግሞ ቮልስ።

የአዲስ አበባ ሰው ሴቼንቶን አይረሳም፤ ፊያት 600 ማለት ነው። ሞተሯም ራዲያተሯም ከኋላ ስለሆኑ ዳገት ላይ ሲሞቅባቸው ክዳኗን ከፈት አድርገው የሚነዱ ነበሩ። ላዳም ብትሆን በሶቪየት ኅብረት ትሠራ እንጂ እናቷ ፊያት 124 ናት፤ ለክፉ መንገድ ቆርቆሮዋ ወፍሮ፣ ሞተሯ ተቀይሮ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የወጣች። የጭነቱን ነገር ካነሳን ኤንትሬ አለላችሁ፤ ፊያት 682 ኤን 3። ከ10 ሊትር በላይ የሆነው ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ሞተሯ ዳገት ሲያያዝ ድምፁ ከሩቅ ይለያል።

ቮልስን በተመለከተ ታሪክም አለብን። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በሮልስ ሮይስ ይሄዱ የነበሩት ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን ነው። ያቺ ትንሽ መኪና የአንድ ዘመን መዝጊያ ሆና በሕዝብ ትዝታ ውስጥ ቀርታለች።

ታዲያ እነዚህ መኪኖች ከአውሮፓ ሲመጡ ለኛ አገር ተብለው የተሠሩ አልነበሩም። ቡታጅራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ አንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ካርቡሬተሩ ግን ይህን አያውቅም፤ ለጀርመን ሜዳ በተለካው መጠን ቤንዚኑን ይለቃል። ውጤቱ ጥቁር ጭስና የሰነፈ ሞተር። 34 የፈረስ ጉልበት የተባለላት ቮልስ እዚህ ስትደርስ 28 ብትቀር ነው። መፍትሔውን ያገኙት መካኒኮቻችን ናቸው። ካንዴላ ፈትተው ቀለሙን ያነባሉ፤ ቡና ከመሰለ ጤና ነው፤ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፤ ከነጣ አንሷል ወይም ሞተሩ ግሏል። ከዚያ የካርቡሬተሩን ጄት በአነስተኛ ይቀይራሉ። ቆላ ሲወርዱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ በግለቱ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ እንዳለ ይተንና መኪናዋ ቀጥ ትላለች። ከወልቂጤ ወደ ጅማ ሲሄዱ የጊቤን በረሃ የሚያውቅ ሾፌር እርጥብ ጨርቅ የቤንዚን ፓምፑ ላይ ጠምጥሞ ይጠብቃል። ይህ ሁሉ በመማሪያ መጽሐፍ የመጣ ዕውቀት አይደለም።

ዕውቀቱ በአፍ ነው የመጣው፤ ቋንቋውም ይመሰክራል። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሬቻ፣ ካቻቢቴ የምንላቸው ሁሉ ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ናቸው። ጣሊያን ከሄደ ሰማንያ ዓመት አልፎታል፤ ቃሉ ግን ከጌታው ወደ ረዳቱ፣ ከረዳቱ ወደ ልጁ እየተላለፈ ዛሬም ቡታጅራ ጋራዥ ውስጥ አለ። ቃሉ ከተላለፈ ጥበቡም አብሮ ተላልፏል ማለት ነው።

ጉራጌና መኪናን ደግሞ የሚያስተሳስር ሌላ ታሪክ አለ። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ ነግዶ አዳሪው የጉራጌ ተወላጅ ገንዘብ እያዋጣ በመንገድ ሥራ ድርጅት ተደራጅቶ ለአገሩ መንገድ አስወጥቷል። ከዓለም ገና ተነስቶ በቡታጅራ በኩል ወላይታ ሶዶ የሚዘልቀውም መንገድ በዚያው ዘመን በራስ አገዝ መዋጮ የተደከመበት ነው። መንገዱ ሲወጣ መኪናው ገባ፤ መኪናው ሲገባ መካኒኩ ተፈጠረ። መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ የአሮጌ መኪና መለዋወጫ ብትጠይቁ፣ ሻጩ የጉራጌ ልጅ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ከዚያም ወደ ኋላ ብትሄዱ የጉራጌ መንደር ጀፎረውን ስንት ትውልድ ጠብቆ ያቆየ ሕዝብ ነው። ያንን ሰፊ አረንጓዴ የመንደር ጎዳና ማንም እንዳያርሰው፣ ማንም አጥር እንዳይገፋበት ተከባብሮ ኖሯል። የጋራ ነገርን መጠበቅ ለዚህ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከዚህ በኋላ ወደ አገር እንደማይገቡ አሳውቋል። የሚገባው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። አንዳንድ የአሮጌ መኪና ወዳጆቼ ይህን ሲሰሙ ሐዘን ተቀመጡ። እኔ አላዘንኩም። እውነቱን መናገር ካለብን ነዳጅ የምንገዛው በሌለን ዶላር ነው፤ ኤሌክትሪኩ ግን ከራሳችን ወንዝ ይመጣል። የምንወዳቸው ሞተሮችም ቢሆኑ ንጹሕ አይደሉም። ጭሳቸውን ከኋላቸው የሚሄደው ሰው ነው የሚያውቀው። የደኅንነት ቀበቶ የሌላቸው፣ የአየር ከረጢት የማያውቁ፣ ፍሬናቸው ሁለት ጊዜ ካልተረገጠ የማይዝ ስንት አሉ! ልጆቼን ከኋላ ጭኜ በዚያ መንገድ ስነዳ እኔም ልቤ ተረጋግቶ አይደለም። ስለዚህ «አሮጌው ይሻላል» የሚል ክርክር ውስጥ አልገባም። አይሻልም።

ክርክሬ ሌላ ነው። ከመስቀሉ ጉዞ ከአንድ ወር በኋላ የባለቤቴን ቤተሰቦች ለመጠየቅ ወልቂጤ ሄጄ ነበር። ዋናው መንገድ ዳር ሰው ተሰብስቧል። ጠጋ ስል አንዲት አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ጭነት መኪና ላይ እየተጫነች ነው። ባለቤቱን ምን ሆና ነው ብዬ ጠየቅሁት። «ምን እንደሆነች ማን ያውቃል! ስክሪኗ ላይ በማላነበው ቋንቋ ጽፋ ቆመች። የሸጡልኝ ሰዎች 'አዲስ አበባ አምጣት' አሉኝ» አለኝ። ከወልቂጤ አዲስ አበባ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አጠገቡ የቆሙ ሁለት መካኒኮች እጃቸውን አጣምረው ያያሉ። አንደኛው «እኛማ ኮፈኗን መክፈትም ፈራን» አለ። መፍራቱ ልክ ነው። የእነዚህ መኪኖች ባትሪ ብዙ ጊዜ ከ300 ቮልት በላይ ነው፤ ያልሠለጠነ ሰው እጁን ቢሰድ ሕይወቱን ያጣል።

የቡታጅራው አዛውንት ቃል ያኔ ትዝ አለኝ። ዝም ያለችውን ፍራ።

የኤሌክትሪክ ሞተር በራሱ ውስብስብ ነገር አይደለም። እንዲያውም የሚንቀሳቀስ አካሉ ከቤንዚን ሞተር በእጅጉ ያነሰ ነው። ቫልቭ የለው፣ ካንዴላ የለው፣ ካርቡሬተር የለው። ዝም ያስባለው ሥሪቱ አይደለም፤ እኛ ያስገባንበት መንገድ ነው። መመሪያው በአማርኛ አይመጣም። መመርመሪያ መሣሪያው በሻጩ እጅ ብቻ ነው። መለዋወጫው አዲስ አበባ ላይ ያውም ከተገኘ ነው። ሥልጠናው ከዋና ከተማዋ ብዙም አይወጣም። እንዲህ ከሆነ መኪናዋ ስትታመም የምትናገረው ለሻጩ ብቻ ነው፤ የከተማው መካኒክ ደንቆሮ ሆኖ ይቀራል። የድሮዋ ቮልስ ግን ለሁሉም ነበር የምትናገረው፤ ለአስተማሪውም፣ ለነጋዴውም፣ ለረዳቱም። እኛ «ፍቅር» የምንለው ነገር ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይላሉ አባቶች። ቆጡ ላይ ያለው አዲሱ ቴክኖሎጂ ነው፤ ይውረድ፣ እንፈልገዋለን። ብብታችን ውስጥ ያለው ግን በየከተማው ያለ፣ ሰምቶ፣ ነክቶና አሽትቶ ማሽን የሚረዳ ሰው ነው። እሱ እየወደቀ ነው። የቡታጅራውን አዛውንት «ረዳት የለዎትም ወይ?» ብላቸው «ሦስት ነበሩኝ፤ ሁሉም ባጃጅ ይዘው ሄዱ» አሉኝ። አልወቀሷቸውም። «ባጃጅ የቀን ገቢ አለው። እኔ ጋ የሚመጣው ቮልስ ግን በወር ስንት ነው?» አሉ። ጆሯቸው ውስጥ ያለውን የሚወርስ ሰው የለም ማለት ነው።

ምን ይደረግ? እኔ በበኩሌ ሦስት ነገር እላለሁ።

አንደኛ፣ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲና በሁለቱ የጉራጌ ዞኖች ያሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች እነዚህን አዛውንቶች ይፈልጓቸው። ወረቀት የላቸውም ተብሎ አይታለፉ። የሙያ ብቃት ምዘና የሚባል ሥርዓት አለን አይደል? ልምዳቸው ይመዘንና እውቅና ይሰጣቸው፤ በሳምንት አንድ ቀን ተማሪ ፊት ይቁሙ። «ቮልስ ለማን ይጠቅማል?» የሚል ካለ መልሱ ቀላል ነው። አንድ ተማሪ ከእሳቸው የሚማረው ቮልስን ብቻ አይደለም፤ ሳይገነጥሉ ማዳመጥን፣ ከምልክት ወደ መንስኤ መሄድን፣ ሳይለኩ አለመንካትን ነው። ይህ ደግሞ ለኤሌክትሪክም መኪና ይሠራል።

ሁለተኛ፣ የኤሌክትሪክ መኪና የሚያስገባ ሁሉ መኪናውን ብቻ አስገብቶ አይሂድ። የጥገና መመሪያውን፣ መመርመሪያ መሣሪያውንና ሥልጠናውን ከአዲስ አበባ ውጪ ላሉ ጋራዦችም በተመጣጣኝ ዋጋ የማቅረብ ግዴታ ይኑርበት። ይህ የኔ ቅዠት አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ደንብ የመኪና አምራቾች የጥገና መረጃቸውን ለገለልተኛ ጋራዦችም እንዲሰጡ አስገድዷል። እነዚያ ቮልስና ፔጆን የሠሩልን አገሮች እንኳ ሞተሩ ዝም እንዳይላቸው ሕግ አውጥተዋል። እኛ ገና ከጅምሩ ላይ ስለሆንን ለመደንገግ ይቀለናል።

ሦስተኛ፣ ለአሮጌዎቹ የክብር ቦታ ይሰጣቸው። ጀርመን ከ1997 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 30 ዓመትና ከዚያ በላይ ሆኗቸው በቀድሞ ይዞታቸው ለተጠበቁ መኪኖች ታርጋቸው መጨረሻ ላይ «ኤች» የሚል ፊደል ትሰጣለች፤ ቅርስ ናቸው ማለት ነው። እኛም ዓመታዊ ምርመራ አድርገን ቦሎ ስንሰጥ በየቀኑ ለሥራ የሚሮጠውንና በዓመት ጥቂት ጊዜ የምትወጣዋን ቅርስ ለይተን ብናይ ምን ይከብዳል? ፍሬኗና ጭሷ በጥብቅ ይታይ፤ የማታሟላው አትውጣ። የምታሟላው ግን ለቁራሌው በኪሎ ከመሸጥ ትትረፍ። ከ21 ሚሊዮን በላይ የተሠራችው ቮልስ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጥታለች፤ ከእንግዲህ አትወለድም። ያለችን እጃችን ላይ ያለችው ናት።

«ዳቦ በተወደደበት ዘመን ስለ አሮጌ መኪና ታወራለህ?» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነት ነው። ግን አስቡት፤ የወልቂጤው ሰው ያቺን መኪና የገዛው ምናልባት ቤቱን አስይዞ ነው። ልትሠራለት ገዝቷት ጭነት መኪና ላይ ጭኖ ሲወስዳት የከፈለው ገንዘብ ከዳቦው ላይ የተቆረሰ ነው። በከተማው ሊጠገን የማይችል ዕቃ መግዛት የኑሮ ውድነት አንዱ መልክ ነው።

ስለ አባቴ መኪና አንድ ነገር ሳልናገር እዚህ ላይ ባቆም ትቀየሙኛላችሁ። ከዚያ መስቀል በፊት ልሸጣት ገዢ አግኝቼ ነበር። ጥሩ ዋጋ ሰጥቶኝ ነበር፤ አባቴም «እንደ ፍጥርጥርህ» ብሎኝ ዝም ብሎ ነበር። ያን ዝምታ እንደ እሺታ ነበር የቆጠርኩት። ከቡታጅራ ስመለስ ገዢውን ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት።

አሁን የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአያቷ ጋር ግቢ ውስጥ ናት። ቺንጋ መቀየር ተምራለች። አያቷ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ «በአውራ ጣትሽ ተጫኚው፤ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል በላይ ከገባ ላልቷል» ይላታል። ባለፈው ሳምንት ሞተሯን አስነስታ ጆሮዋን ክዳኑ ላይ ጣል አድርጋ ቆየችና «አያ፣ ሁሉም እያንኳኩ ነው» አለችው።

አባቴ ሳቀ። እኔ ግን የቡታጅራው አዛውንት ረዳት ማጣታቸው ትዝ አለኝ። በመጪው መስቀል ይዣት ሄጄ አስተዋውቃታለሁ ብዬ ወስኛለሁ። እስከዚያው ጋራዣቸው ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ተስፋ አደርጋለሁ።

ቸር እንሰንብት!